የኪልዋ ዱርና ማኅተሙ

ከዳሬሰላም ወደ ደቡብ የባሕሩን ዳር ይዘው 300 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሄዱ ኪልዋ የሚባለው አገር ይገኛል። በደሴቲቱ ላይ የጥንቱ ከተማ ፍርስራሽ እስከ ዛሬ ይታያል፤ ዝነኛው መንገደኛ ኢብን ባቱታም በአውሮፓ አቈጣጠር በ1331 ዓመት ጐብኝቶታል። ስለ ፍርስራሹ ብዙዎች ጽፈዋል፤ እኛ ግን ለአንባቢዎቻችን ልንገልጽ የወደድነው ከባሕሩ ራቅ ብሎ በየብስ ስላለው ዱር ነው።

በዚህ ዱር የአገሩ ሰዎች ምፒንጎ የሚሉት ዛፍ ይበቅላል። ልቡ እንደ ከሰል የጠቈረ፥ ከውሃ ቢጥሉት የሚሰጥም ከባድ እንጨት ነው፤ ክላርኔትና ኦቦ የሚባሉት የሙዚቃ ዕቃዎችም ከዚህ ይሠራሉ። ነገር ግን ለመቈረጥ እስኪደርስ 70 ዓመትና ከዚያም በላይ ስለሚፈጅ፥ አያት በቈረጠው ፈንታ የሚተካውን ዛፍ የሚያየው የልጅ ልጅ ነው። ቀድሞ ነጋዴ ቈርጦ ሲሄድ ለመንደሩ የሚተርፈው እጅግ ጥቂት ነበር፤ ጥቅሙን ያላየበትን ዱር ማን ተግቶ ይጠብቃል?

የታንዛንያ መንግሥት በ2002 ባወጣው የደን ሕግ መንደሮች ዱራቸውን ከልለው እንዲያስተዳድሩና ከሽያጩ እንዲጠቀሙ ፈቀደ። በ2009ም የኪኮሌና የኪሳንጊ መንደሮች ዱር፥ በ1993 በቶሮንቶ በተመሠረተው ኤፍ ኤስ ሲ በሚባለው የደን ማኅበር ሥርዓት መሠረት የምስክር ወረቀት ተሰጠው። ሕዝብ ለሚያስተዳድረው የተፈጥሮ ዱር ይህ በአፍሪካ የመጀመሪያው ነበር።

ሥርዓቱም እንዲህ ነው። መንደሩ ዛፉን ቈጥሮ፥ ዱሩ ሊተካ ከሚችለው በላይ አይቈርጥም። ግንዱ ከዱር ወደ መሰንጠቂያው፥ ከዚያም ወደ ሠሪው ሲሄድ መነሻው በጽሑፍ ይከተለዋል። ከመንደሩም ከነጋዴውም ወገን ያልሆነ መርማሪ በየዓመቱ እየመጣ ያያል፤ ወረቀቱም በ5 ዓመት ይታደሳል። የመርማሪው ወጪ ለአንድ ድኻ መንደር ስለሚከብድ፥ መንደሮች በአንድ የምስክር ወረቀት ሥር ይተባበራሉ።

በጽሕፈት ሥራ የምንውል ሰዎች እንደምናውቀው ማኅተም በራሱ ኃይል የለውም፤ ኃይሉ ከበስተኋላው የቆመው እውነተኛ ምስክር ነው። የእንጨቱም ማኅተም ዱርን የሚያድነው መርማሪው ሳያዳላ ሲመሰክር፥ ዋጋውም ዛፉን ወደሚጠብቀው ሰው ሲመለስ ነው። ገዢው ርካሹን ብቻ የፈለገ እንደ ሆነ ግን የመንደሩ ድካም ከንቱ ይቀራል። ስለዚህ ለቤቱ አልጋ ወይም ጠረጴዛ የሚያሠራ ሰው ሁሉ፥ ዋጋውን ከመጠየቁ አስቀድሞ እንጨቱ ከየት እንደ መጣ ቢጠይቅ መልካም ነው እንላለን።