ከዘንገና ማዶ የተቆፈረ መቃብር

ከእንጅባራ ወደ ቲሊሊ በሚወስደው አውራ ጎዳና የሚጓዝ ሰው በዛፎቹ መካከል ድንገት ዝቅ ብሎ የሚያየው የዘንገና ሐይቅ፣ እሳተ ገሞራ በከፈተው ጉድጓድ የተኛ፣ ክብነቱ እንደ መሶብ አፍ የተስተካከለ፣ ጥልቀቱም 160 ሜትርን የሚያልፍ ዝምተኛ ውሃ ነው፤ እኔም በዳርቻው ከብት እየጠበቅሁ ያደግሁ በመሆኔ፣ ልቤን የሚከብደው ነገር ባገኘኝ ቁጥር ወደዚያ መውረድ ልማዴ ነው። ይህን ጽሑፍ የጀመርሁትም ታቦታቱ ከባሕረ ጥምቀት ወደየመንበራቸው በተመለሱ ሰሞን፣ በዚያው በሐይቁ አፋፍ ተቀምጬ ነው።

በዓለም ያሉ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ስለ ክርስቲያኖች አንድነት በኅብረት የሚጸልዩበት ሳምንት፣ በ1900 ዓ.ም. በአሜሪካ ከተጀመረ ወዲህ፣ በእኛ አቆጣጠር ከጥር 10 እስከ ጥር 17 ይውላል። እንግዲህ እኛ ከተራ ብለን ታቦት አጅበን በምንወርድበት በዚያው ዕለት፣ በሌላው ዓለም ካቶሊኩና ኦርቶዶክሱ ወንጌላዊውም በአንድ አዳራሽ ተንበርክከው ጌታ በመጨረሻይቱ ሌሊት ስለ ደቀ መዛሙርቱ አንድነት የጸለየውን ጸሎት ያነባሉ ማለት ነው። በእኛ ሰፈር ይህን የሚያውቅ ሰው እምብዛም የለም፤ ባለማወቁም አልፈርድበትም። ስለ አንድነት የማውቀውን ጥቂት ነገር እኔ ራሴ የተማርሁት ከጉባኤ አይደለም፣ ከአንድ ዶማ ነው እንጂ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ከሐይቁ ማዶ ካሉት መንደሮች በአንዱ፣ ስሙን ብጠራው የሚያፍርበት ስለሚኖር አልጠራውም፣ አንዲት እናት አረፈች። በልጅነቷ ተጠምቃ በተዋሕዶ ያደገች፣ ኋላ ግን ወደ ወንጌላውያን የገባችና ሰፈሩ «ጴንጤዋ» የሚላት ሴት ነበረች። የዕድሯን መዋጮ አንድ ወር ሳታጓድል ስትከፍል፣ በየልቅሶው ንፍሮ ስትቀቅል፣ በየሠርጉ ወጥ ስትሠራ የኖረች ስትሆን፣ በሞተች ዕለት ግን ከአባቶቿ አጠገብ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር እንደማትቀበር ተነገረ፤ ይህስ ሕግ ነውና ባልተገረምሁ፣ ነገር ግን የዕድሩ ድንኳን ይተከል አይተከል፣ የሰፈሩ ጎልማሶች ይቆፍሩላት አይቆፍሩላት የሚል ሙግት ተነሥቶ እስከ ረፋድ ድረስ አስከሬኑ በቤት፣ ባሏም ደጃፉ ላይ ራሱን በጋቢ ሸፍኖ ቀረ።

በዚህ መካከል ቀድሞ የነፍስ አባቷ የነበሩት ሽማግሌ ቄስ ዶማ በትከሻቸው ተሸክመው በአቀበቱ ብቅ አሉ። ጥምጥማቸውን ፈተው በአንገታቸው ጣል አድርገዋል፤ ቀሚሳቸውንም በወገባቸው ሸብ አድርገውታል። የዕድሩ ዳኛ ደንግጠው ተነሡና «አባታችን፣ ምን ሊያደርጉ ነው? ፍትሐት ሊፈቱላት ነው እንዴ?» ብለው ጠየቋቸው። «ፍትሐቱን ቀኖናው አይፈቅድልኝም፤» አሉ ቄሱ ሳይቆሙ። «መቆፈር ግን ማን ይከለክለኛል?»

ከዚህ በኋላ የተናገረ ሰው አልነበረም። ከባሏ ይዞታ ዳር፣ ከባሕር ዛፉ በታች፣ ቀዩን አፈር የመጀመሪያውን ጊዜ የመቱት እርሳቸው ናቸው፤ ሦስተኛውን ወይም አራተኛውን ሲደግሙ ጎልማሶቹ አካፋቸውን እያነሡ መጡና ዶማውን ከእጃቸው ሊቀበሏቸው ሞከሩ፤ እርሳቸው ግን ጉድጓዱ እስከ ጉልበት እስኪደርስ ድረስ አልሰጡም። ድንኳኑም ተተከለ። የወንጌላውያኑ መጋቢ በራስጌዋ ቆሞ ሲጸልይ፣ ቄሱ ጥቂት ራቅ ብለው፣ ራሳቸውን ገልጠው፣ አገጫቸውን በዶማው እጀታ ላይ አስደግፈው ቆዩ፤ «አሜን» አላሉም፣ ጀርባቸውንም አላዞሩም። ቀብሩ ሲያበቃ የሟች ልጅ በጣሳ ውሃ አምጥቶ እጃቸውን አስታጠባቸው። እኔም ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ አብያተ ክርስቲያናት ኅብረት ሲነገር የምሰማውን ሁሉ በዚያ ዶማ እለካለሁ።

የዕድሩን ሰዎች ስጋት ግን ከንቱ ነው ብዬ አልንቀውም፤ ሥር ያለው ስጋት ነውና። ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው የኢየሱሳውያን ካህን በ1610 ዓ.ም. ከዚህ ብዙ በማይርቀው በሰከላ የግሽ ዓባይን ምንጭ ባየ ጊዜ፣ በገርነቱና በትዕግሥቱ የንጉሡን የሱስንዮስን ልብ የማረከ ሰው ነበር፤ ከእርሱ ሞት በኋላ የመጣው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ግን የተጠመቀው ሕዝብ ዳግመኛ ይጠመቅ፣ የተካነውም ካህን ዳግመኛ ይካን ባለ ጊዜ፣ አንድነት የተባለው ነገር ሰይፍ ሆኖ ንጉሡ በ1624 ዓ.ም. ሕዝቡን ወደ ቀደመ ሃይማኖቱ እስኪመልስ ድረስ ወንድም የወንድሙን ደም አፈሰሰ። ከዚያም ወዲያ እኛው በእኛው፣ በቅባትና በተዋሕዶ ክርክር ጎጃም ስንት ትውልድ እንደ ተለያየ፣ በ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ፍርድ ከሰጠ በኋላም ቁስሉ ስንት ዘመን እንደ ቈየ አባቶቻችን ያውቃሉ። በ1936 ዓ.ም. ስለ ሚስዮናውያን የወጣው ድንጋጌ አገሩን ለስብከት በተከፈተና በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ክልል የከፈለው፣ በዚህኛውም ክልል ሐኪም ቤትና ትምህርት ቤት እንጂ የራስን እምነት ማስተማር የከለከለው ይህንኑ ትዝታ ተሸክሞ ነበር። እንግዲህ «አንድ እንሁን» የሚል ድምፅ ሲሰማ «ማንን ልትውጡ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሕዝብ ቢኖር፣ የሚገባው መልስ ስድብ አይደለም።

መልሱን የሰጡት፣ እኔ እንደማምነው፣ በ1960ዎቹ የተነሡ ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛው የእኛው የጎጃም ልጅ፣ በደብረ ኤልያስ የተወለዱት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ ሲሆኑ፣ ሁለተኛው በወለጋ በቦጂ የተወለዱት፣ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ናቸው። አቡነ ቴዎፍሎስ በ1963 ዓ.ም. በመንበረ ፕትርክናው በተቀመጡ በዓመቱ ቤተ ክርስቲያኒቱ የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽንን አቋቋመች፤ «ተራድኦ» የሚለውን ቃል ልብ በሉት፣ እርስ በርስ መረዳዳት ማለት ነውና። በዚያው በ1964 ዓ.ም. መካነ ኢየሱስ በጄኔቭ ለሚገኘው የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ደብዳቤ ጽፋ፣ ለጉድጓድ ውሃና ለሐኪም ቤት ገንዘብ እየሰጡ ለወንጌል አገልግሎት የሚነፍጉትን የምዕራብ አብያተ ክርስቲያናት ወቀሰች፤ ሰው ሥጋውና ነፍሱ የማይከፈል አንድ ፍጥረት ነው፣ እንጀራውን ከነፍሱ ነጥሎ የሚሰጠው እርዳታ ሰውየውን ለሁለት ይሰነጥቀዋል የሚል ነበር ነገሯ። በዓመቱ፣ በ1965 ዓ.ም.፣ የወሎ ረኃብ ሕዝቡን ሲፈጅ፣ የተለያዩ አብያተ ክርስቲያናትና የእርዳታ ድርጅቶቻቸው እህሉን በአንድነት ለማድረስ የክርስቲያን የርዳታና የልማት ማኅበርን መሠረቱ። አንዱ የሌላውን ምእመን ሳይወስድ፣ የሌላውንም ቀኖና ሳይነካ አብሮ መሥራት እንደሚቻል በተግባር የታየው በዚያ ዘመን ነው።

የሁለቱም ፍጻሜ ግን ልብ ይሰብራል። ፓትርያርኩ በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ወርደው ታሠሩ፤ ኦርቶዶክሱም ካቶሊኩም ወንጌላዊውም አብረው ለሚመክሩበት የአብያተ ክርስቲያናት የትብብር ጉባኤ ሊቀ መንበር የነበሩት ቄስ ጉዲና ደግሞ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከዑራኤል መካነ ኢየሱስ ሰብከው ሲወጡ ተያዙና በዚያችው ሌሊት ተገደሉ። አቡነ ቴዎፍሎስም በዚያው ክረምት ተገደሉ። በ1984 ዓ.ም. ዐፅማቸው ሲፈለግ የሁለቱም የተገኘው በራስ አሥራተ ካሣ ግቢ ነው። በሕይወት ሳሉ በአንድ መቅደስ ሊቀድሱ የማይችሉት ሁለት ካህናት ዐሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ በአንድ ግቢ አፈር ውስጥ ዐረፉ፤ ከዚያም ፓትርያርኩ ራሳቸው ወዳሠሩት ወደ ጎፋ ቅዱስ ገብርኤል፣ ቄስ ጉዲናም ወደ ምእመናናቸው በክብር ሄዱ። ይህን ባሰብሁ ቁጥር የባሕር ዛፉ ሥር ያለው ቀይ አፈር ይታየኛል።

ዘር ግን አልጠፋም። በ1977ቱ ረኃብ አብያተ ክርስቲያናቱ የእርዳታ እህላቸውን አስተባበሩ፤ በ1982 ዓ.ም. ደግሞ፣ ጦርነቱ በተፋፋመበት ወራት፣ ኦርቶዶክሳዊት ቤተ ክርስቲያን፣ የካቶሊክ ጽሕፈት ቤትና መካነ ኢየሱስ ከውጭ አጋሮቻቸው ጋር በመሠረቱት የጋራ የርዳታ ኅብረት ስም፣ ከአሰብ በደሴ አልፎ በውጊያው ግንባር መካከል ወደ ትግራይ የሚሻገር፣ «የደቡብ መስመር» የተባለ የእህል መንገድ ተከፈተ። መንግሥትም አማፂም በማይተማመኑበት መንገድ ካህናት ስለ ተማመኑ የጭነት መኪና አለፈ። ስለ ክርስቶስ ባሕርይ በኬልቄዶን ጉባኤ የተነሣው ክርክር በዚያ መንገድ አልተፈታም፤ ሊፈታም አልተሞከረም። ስንዴው ግን ደረሰ።

ወደ ራሳችን ምድር ልመለስ። በ2013 ዓ.ም. ከመተከል የተፈናቀሉ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን በቻግኒ ራንች መጠለያ በሰፈሩ ጊዜ፣ እህል ለማራገፍ ከሄዱት አንዱ ነበርሁ። ያየሁትን መልካም ነገር አስቀድሜ ልናገር፤ በአንድ ሌሊት አንድ መኪና ሙሉ ዱቄት ያወረዱት የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችና የወንጌላውያን መዘምራን ነበሩ፤ በስልክ መብራት እየተያዩ፣ ኩንታሉን ከጀርባ ወደ ጀርባ እያቀባበሉ፣ ዱቄቱ ፀጉራቸውን አንድ ዓይነት አንጥቶት፣ በማለዳ ማን የማን እንደ ሆነ መለየት አልተቻለም። ያሳዘነኝ ደግሞ ይህ ነው፤ ስሙን የማልጠራው አንድ አካል እርዳታውን ይዞ ደርሶ ሳለ፣ የራሱ ሰንደቅ እስኪሰቀልና ፎቶግራፍ እስኪነሣ ድረስ ሕዝቡን በፀሐይ አቆመው፤ የየቤተ እምነቱ መዝገብም የተለያየ ስለ ነበር አንዲት ሕፃን ያዘለች እናት ስሟን ለማስጻፍ በአንድ ቀን ሦስት ወረፋ ስትቆም አየሁ። «የትኛው የየትኛው ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። የምመልስላት አጣሁ።

አሁን የምለምነው ነገር ታላቅ ጉባኤ አይደለም። በአዊ ምድር፣ በየወረዳው፣ ቄሱና መጋቢው የካቶሊኩም አባ በሦስት ወር አንድ ጊዜ ተቀምጠው የችግረኞችን ስም በአንድ መዝገብ ቢጽፉ፣ ለሁሉ የሚሆን የመቃብር ቦታ በጋራ ቢጠይቁ፣ መሬቷን የተቀማች መበለት ፍርድ ቤት ስትቆም ሁሉም በአጠገቧ ቢቆሙ፣ በፋግታ ለኮማ የዲከረንስ ዛፍ ከሰል ሲያከስል ጢስ እየዋጠ ስለሚውለው ወጣት ደመወዝና ጤና በአንድ ድምፅ ቢናገሩ፣ ከሃይማኖታቸው አንዲት ፊደል አይጎድልባቸውም። ምጽዋት መስጠትን ሁላችንም እናውቅበታለን፤ ነዳዩ ለምን ነዳይ እንደ ሆነ አብሮ መጠየቅ ግን ገና አልለመድነውም፣ ይህም በብርቱ ያሳስበኛል። ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር፣ በዓድዋ የዘመቱትን አባቶችና ፈረሶቻቸውን ሊያስብ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ ሲሰበሰብ ኮርቻ የጫነውን ሰው በየት ታስቀድሳለህ ብሎ ሲጠይቀው አልሰማሁም፤ ለፈረስ ግልቢያ የቻልነውን ለእህል መዝገብ እንዴት ያቅተናል?

ይህን እያሰብሁ ከሐይቁ ስወጣ፣ ለበዓሉ ፈረስ የሚያለማምዱ ልጆች አቧራ እያስነሡ በሚያልፉበት መንገድ ዳር እኒያን ሽማግሌ ቄስ አገኘኋቸው። ድንች ሊኮተኩቱ ወደ ማሳቸው መሄዳቸው ነበር፤ ዶማዋም በትከሻቸው ነበረች። መስቀላቸውን ተሳልሜ ጤንነታቸውን ከጠየቅሁ በኋላ ዐይኔ በእጀታው ላይ ዐረፈ፤ አዲስ ነው፣ በወጉ የተላገ ወይራ።

«አሮጌውስ አባ?» አልኋቸው።

«ባለፈው ክረምት ተሰበረ፤» አሉና ዶማዋን አውርደው አሳዩኝ። «ይህን የሠራልኝ የሟች ልጅ ነው። ሳልጠይቀው ጠርቦ፣ እቤት ድረስ አመጣልኝ።»