ስለ ብርዕና ስለ ሰው መልክ

የሰውን አካል በብርዕና በቀለም የሚሥል ሰው አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው ነገር፣ የተሰመረ መሥመር የማይመለስ መሆኑ ነው። የእርሳስ ሥዕል ይፋቃል፤ ቅብም በሌላ ቅብ ይሸፈናል፤ ወረቀት የጠጣው ቀለም ግን የእጅን ጽናት ወይም የእጅን ጥርጥር እንደ ያዘ ይኖራል። ከኮተቤ በማይርቀው በየካ ተራራ ዋሻ ሚካኤልን ከዐለት የፈለፈሉ አባቶችም በዚሁ ሕግ ሠርተዋል፤ ከዐለት የተነሣ ተመልሶ አይገጠምምና።

በአውሮፓ በ18ኛው መቶ ዓመት፣ በእሳተ ገሞራ አመድ ተቀብረው የነበሩት ሄርኩላኔዎምና ፖምፔይ መቆፈር ከጀመሩ በኋላ፣ ሠዓልያን ወደ ጥንቱ ወደ ግሪክና ወደ ሮማ ሥራ ተመለሱ፤ ይህም አካሄድ ኒዮክላሲክ ይባላል። ደቀ መዝሙሩ በመጀመሪያ በጀሶ የተቀዳውን የጥንት ሐውልት፣ ቀጥሎም ሕያው ሰው በፊቱ አቁሞ ይሥል ነበር። ፈረንሳዊው ዣክ ሉዊ ዳቪድ ለታላቅ ሥዕል ሲዘጋጅ፣ የልብሱ እጥፋት አካሉን ይከተል ዘንድ፣ ልብስ የሚለብሰውን ሰው እንኳ አስቀድሞ ራቁቱን ይነድፈው ነበር። እንግሊዛዊው ቀራፂ ጆን ፍላክስማንም በ1793 እ.ኤ.አ. ለሆሜር መጻሕፍት ባወጣቸው ሥዕሎች ጥላን ትቶ መሥመርን ብቻ አስቀረ፤ ጀግኖቹንም በግሪክ ሸክላ ላይ እንዳሉት ሥዕሎች አብዛኛውን ጊዜ በጎን አቆማቸው።

የኢትዮጵያ ሊቃውንትም በመቃ ብርዕና ከጥላሸት በሚዘጋጅ ጥቁር ቀለም በብራና ላይ መሥመርን ሲያወርዱ ኖረዋል፤ ሥርዓታቸው ግን ሌላ ነው። በእነርሱ ዘንድ ጻድቅ ሁለት ዓይኑ እየታየ ፊት ለፊት ይሣላል፤ ኃጥእ ግን ፊቱን ወደ ጎን መልሶ አንድ ዓይኑን ብቻ ያሳያል። አካልን እያዩ የመሣል ትምህርት ደግሞ፣ በቺካጎ የተማሩት አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ካቋቋሙ ወዲህ በሀገር ውስጥ ጸና።

አንድ የኮተቤ ዲያቆን ሁለቱንም ተምሮ ለአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን የቅዱስ ሚካኤልን መልክ እንዲሥል ታዘዘ። በብርዕ የነደፈው ትከሻና ክንድ እንደ ሮማ ጭፍራ ሐውልት ያማረ ነበር፤ ፊቱ ግን በጎን ነበር። ሽማግሌዎቹ ንድፉን አይተው ሥራው ለሌላ ሠዓሊ ይሰጥ አሉ። የቅኔ መምህሩ ግን ወረቀቱን ብዙ ጊዜ ከተመለከቱ በኋላ፣

«ልጄ፣ ሁለተኛው ዓይኑ ወዴት አለ?» ብለው ጠየቁት።

«የኔታ፣ ከጎን ሲታይ አንዱ ይሰወራል።»

«ላንተ ተሰወረ እንጂ መልአኩ አላጣውም። ምእመን ወደ ሥዕል የሚቀርበው ለማየት ብቻ አይደለም፤ ለመታየትም ነው።»

ወደ ሽማግሌዎቹም ዘወር ብለው፣ «እናንተ ደግሞ ክንዱን የተማረበትን ትምህርት አትንቀፉበት። በቅኔ ሰሙ የተሰበረበት ወርቁም ይፈስበታል፤ አጥንቱ የጠፋ ክንድም ሰይፍ አይሸከምም» አሏቸው።

ዲያቆኑም ቀለሙ የማይፋቅ ስለ ሆነ አዲስ ወረቀት ዘርግቶ እንደ ገና ጀመረ፤ ትከሻውን እንደ ተማረው፣ ፊቱንም ከአባቶቹ እንደ ተቀበለው ሣለ። ሥራውም ከእጁ አልወጣም።

እንግዲህ የሥዕል መምህራን ልጆቻቸውን ወደ ብራናዎቹ፣ የአድባራት አለቆችም ሠዓልያናቸውን ወደ አካል ትምህርት ቢልኩ፣ ትርፉ የሁለቱም ይሆናል።