ፖምፓውን ከመክፈታችሁ በፊት

«ቲቸር፣ መኪናው ዳገት ላይ ይደክማል፤ ፖምፓውን ትንሽ ልክፈተው?»

በውስጥ መስመር ከድሮ ተማሪዎቼ በብዛት የሚደርሰኝ ጥያቄ ይሄ ነው። ለእያንዳንዳችሁ ከምመልስ እዚሁ ልጻፈው። ሹፌሮችና ባለንብረቶችም ብታነቡት አትጎዱም።

መጀመሪያ ያለንበትን ቦታ እንወቅ። ሐዋሳ ከባህር ጠለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ባህር ዳርቻ ላይ ካለው በ18 በመቶ ገደማ ያንሳል። ሲሚንቶ ጭኖ ወደ ሁላ ሐገረ ሰላም የሚወጣ አይሱዙ ደግሞ ከ2,700 ሜትር ያልፋል፤ እዚያ አየሩ ጭራሽ ይሳሳል። ቱርቦ ያግዛል፣ ግን እሱም የሚስበው ያንኑ የሳሳ አየር ነው። ስለዚህ መኪናው የደከመው ናፍጣ አንሶት ሳይሆን አየር አጥሮት ሊሆን ይችላል። አየር ላጠረው ሞተር ናፍጣ መጨመር ትን ላለው ሰው ሌላ ጉርሻ እንደማጉረስ ነው።

ናፍጣ ሲጨመር ጉልበት ይመጣል፣ አልክድም። አየሩ ከሚችለው ሲያልፍ ግን ትርፉ ጥቁር ጭስና ሙቀት ነው። ለናፍጣ ሞተር በልምድ የሚያዘው ልክ ይሄ ነው፦ ከቱርቦው በፊት የሚለካው የጭስ ሙቀት ረጅም ዳገት ላይ ከ650 እስከ 700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባይበልጥ፤ ለአፍታ 750 ከነካ እግር ማንሳት። አልሙኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል። ፒስተኑ የማይቀልጠው ዘይቱና ውሃው ሙቀቱን ስለሚቀበሉት ነው። ጭሱ በጋለ ቁጥር ያቺ የመትረፊያ ልዩነት ትጠባለች።

መለኪያው ከቱርቦው በኋላ ከተገጠመ ጭነት ላይ 100 ዲግሪና ከዚያም በላይ አሳንሶ ሊያሳይ ይችላል። ቁጥሩን ከማመናችሁ በፊት የት እንደተገጠመ እዩ።

የዳሽቦርዱ ቀስት ደግሞ የውሃውን ሙቀት እንጂ የጭሱን አይናገርም። ቀስቱ መሃል ላይ ቆሞ ፒስተን ሊበላሽ ይችላል። «ሙቀቱኮ ኖርማል ነበር» የሚባለው ለዚህ ነው።

ቤንዚን ላይ ነገሩ ይለያል። ቱርቦ ያለው የቤንዚን ሞተር ሙሉ ጭነት ላይ 900 ዲግሪ አካባቢ ሊሰራ ይችላል፤ ጭነት ላይ ነዳጅ ሲጨመርለት ይቀዘቅዛል፣ ሲቀነስበት ይግላል። የናፍጣው ተቃራኒ ነው። የአንዱን ቁጥር ለሌላው አትዋሱ።

እና ምን ይደረግ? መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን፣ የቱርቦውን ማኒኮቶዎች፣ ኢንጀክተሮቹን፣ ከዚያ ራሱን ቱርቦውን ፈትሹ። አብዛኛው ድካም እዚህ ይገኛል። ባለቤቱ «የለም፣ ጨምርልኝ» ካለ መጀመሪያ የጭስ ሙቀት መለኪያ ይግጠም። ሙከራውም ጋራዥ በር ላይ በባዶ መኪና ሳይሆን ጭነት ይዞ ዳገት ላይ ይሁን። ባዶ መኪና ሁልጊዜ ጎበዝ ነው!

ሹፌሮች፣ ዳገት ላይ በከባድ ማርሽ ነዳጅ እየረገጣችሁ አትታገሉ። ቀድማችሁ ማርሽ ቀንሱ፤ ሞተሩ ፈጠን ብሎ ሲዞር ብዙ አየር ያገኛል፣ እናንተም ነዳጁን ቀለል ታደርጉለታላችሁ። ዳገት ጨርሳችሁ እንደቆማችሁ ሞተሩን ወዲያው አታጥፉ። ዘይቱ ቆሞ የጋለው ቱርቦ ውስጥ እንዳያር አንድ ሁለት ደቂቃ ይዙር።

ያቺን ብሎን ማዞር ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ሹፌሩም ያን ዕለት ያመሰግናችኋል፣ ጉርሻም ይጨምራል። ግን ያ አይሱዙ ብዙ ጊዜ የቤት ካርታ ተይዞ በብድር የተገዛ ነው። ሞተሩ ሲነክስ እናንተ ጋራዥ ናችሁ፤ ሌሊት ዳገት ላይ ከነጭነቱ የሚቀሩት ሹፌሩና ረዳቱ ናቸው። ጥቁሩን ጭስ የሚውጡት ደግሞ በመንገዱ ዳር ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆች ናቸው። «አልከፍትም፣ መጀመሪያ እንለካ» ማለት የሙያው አንድ ክፍል ነው። ደንበኛ ሊያሳጣችሁ ይችላል፣ አውቃለሁ። ቢሆንም በሉት።

ያልገባችሁን ከታች ጠይቁኝ።