እስስቷን ማን ይጠብቃት?

በዚህ ዓምድ ስለ ሕፃናት ክትባት፣ ስለ ጡት ማጥባትና ስለ ጓዳ ቁጠባ ስንነጋገር ብዙ ጊዜ ሆኖናል። ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ግን ምናልባት ፈገግ ያሰኛችሁ ይሆናል። ይኸውም የእስስት ጉዳይ ነው። «ደግሞ እስስት ምን አድርጋ ነው ጋዜጣ ላይ የምትወጣው?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ይሁን እንጂ ልጆች ያሏት እናት ሁሉ አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ ወይ የድመት ግልገል፣ ወይ ክንፏ የተሰበረ ርግብ፣ ወይም እንደ እኛ ቤት እስስት በካርቶን ውስጥ ተቀምጣ ልትጠብቃት ትችላለች። ያን ጊዜ «አውጥተህ ጣል!» ብሎ መቆጣት ቀላል ነው። ከባዱ፣ ከተጣለች በኋላ የሚደርስባትን ማሰብ ነው።

የእኛይቱ የመጣችው በጥቅምት ወር ነው። የሠፈር ልጆች በጥድ አጥር ላይ አግኝተዋት ድንጋይ ሲያነሡ የዘጠኝ ዓመቱ ልጄ ደረሰና ኳሱን ሰጥቶ ተቀበላቸው። (ኳሷ ገና ሁለት ወር ያልሞላት ነበረች፤ እሱን እንተወው።) ስለዚህ ማታ ስገባ የጠበቀኝ ጥያቄ «እናሳድጋት ወይስ አናሳድጋት?» የሚል አልነበረም። ከበራችን ውጪ ብናስቀምጣት በማግሥቱ ተወግራ እንደምትሞት ልጁም እኔም እናውቃለን።

እስስት በእኛ አገር ስሟ አያምርም። ዛሬ ያለውን ነገ የሚክድ ሰው «እስስት» ይባላል፤ ከዚህ የከፋ ስድብም ጥቂት ነው። ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት እናት ልጁን ሲያዩት ደንግጠው፣ «ልጄ፣ አፍህን ግጠም! ጥርስህን ከቆጠረችው ይረግፋል» አሉት። ልጄም ከንፈሩን ገጥሞ ቆየ፤ ሆኖም የወተት ጥርሱ ቀድሞውኑ እየወለቀ ስለ ነበር በማግሥቱ አንዱ ወለቀና የእማማ ቃል ተፈጸመ ተባለ። ለማሳመን ብዙ ደከምሁ። እስስት መርዝ የላትም፤ ሰውን የማሳደድ ጠባይም የላትም። አጥብቀው ከያዟት አፏን ከፍታ እፍ ትላለች፣ ልትነክስም ትችላለች፤ ይህም ፍርሃቷ ነው።

መልኳን መለዋወጧም የተንኮል አይደለም። ብዙ ሰው የተቀመጠችበትን ነገር መልክ የምትይዝ ይመስለዋል። በመሠረቱ ግን መልኳ የሚለወጠው በሙቀትና በብርድ፣ በፍርሃትና በቁጣ፣ ከመሰሎቿም ጋር በምትገናኝበት ጊዜ ነው። የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2015 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ በማዳጋስካር በምትገኝ አንዲት የእስስት ዝርያ ቆዳ ውስጥ እጅግ ደቃቅ ክሪስታሎች እንዳሉና በመካከላቸው ያለው ርቀት ሲሰፋና ሲጠብ የሚያንጸባርቁት ብርሃን እንደሚለወጥ አስረድተዋል። የእኛይቱ ጠዋት ጠዋት በብርዱ ጊዜ እንደ ከሰል ትጠቁር ነበር፤ ጥቁር ነገር ሙቀት ቶሎ ይስባልና። ፀሐይ ከሞቀች በኋላ ቀስ በቀስ አረንጓዴ ትሆናለች። ማታ ስትተኛ ደግሞ ጅራቷን ጠቅልላ ትነጣለች። ልጄ ይህን አይቶ «እማዬ፣ እሷ እኮ አትዋሽም፤ ምን እንደ ተሰማት ነው የምትናገረው» አለኝ።

አሁን ወደ ዋናው ችግር ልምጣ። በቤታችን የስምንት ወር ሕፃን አለች። እስስት፣ ኤሊና እንሽላሊትን የመሳሰሉ እንስሳት ጤነኞች መስለው እየታዩ እንኳ ሳልሞኔላ የተባለውን ተሕዋስያን በሆዳቸው ሊይዙ ይችላሉ። ይህ ተሕዋስያን ለዐዋቂ ሰው የጥቂት ቀን ተቅማጥና ትኩሳት ሲሆን፣ ለሕፃን ግን ለሕይወት የሚያሰጋ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች፣ ነፍሰ ጡሮችና ሕመም ያደከማቸው ሰዎች እንዲህ ያለውን እንስሳ ባይነኩ ይመረጣል። እኔም በዚያው ማታ ለልጄ ነገርሁት፤ እስስቷ ከቤት ውስጥ አትገባም፣ በረንዳው ላይ ትሆናለች፤ የነካ እጁን ወዲያውኑ በሳሙና ይታጠባል፤ የእሷ ዕቃ በጓዳ ዕቃ ማጠቢያ አይታጠብም፤ እህቱ ወደ በረንዳው የምትድህ ከሆነም በዚያው ቀን እንሰነባበታለን። «እሺ» አለ። ልጅ «እሺ» ሲል እሺታው ስንት ቀን እንደሚቆይ እናቶች ታውቃላችሁ፤ እሱ ግን ቃሉን ጠብቋል፤ ይህን ልመሰክርለት ይገባል።

ቤት ልንሠራላት ተነሣን። እስስት በመስተዋት ሣጥን ውስጥ አትመቻትም፤ አየር ትፈልጋለች፤ የራሷን ጥላ በመስተዋቱ ላይ ስታይም ሌላ እስስት የመጣባት ይመስላትና ትጨነቃለች። ሁለት እስስት በአንድ ሣጥን ማኖርም እንዲሁ ነው፤ ብቸኝነት ለእርሷ ጤና ነው። እኛ ያረጀ የእንጨት ሣጥን በቁመቱ አቁመን ሦስቱን ጎኑን በአሮጌ አጎበር ሸፈንነው፤ በውስጡም የጥድና የወይራ ቅርንጫፍ እግሮቿ ሊጨብጡት በሚችሉት ውፍረት አጋደምንላት። እግሯ እንደ ጉጠት ጨብጦ የሚይዝ ስለ ሆነ በጠፍጣፋ ነገር ላይ መሄድ ያደክማታል።

ሆኖም ልጆች እጅ ላይ ስትጉላላ ውላ ስለ ነበር ሦስት ቀን ሙሉ ምንም አልቀመሰችም። ያ ያለ ዕረፍት የሚዞረው፣ አንዱ ወደ ፊት ሌላው ወደ ኋላ የሚያየው ዐይኗ ወደ ውስጥ ገባ። ልጄ በሰሃን ውሃ አቀረበላት፤ ዞራም አላየችው። ዝንብ ይዞ አመጣላት፤ አልነካችም። በሦስተኛው ቀን ማታ ከምግብ ተነሥቶ ሄደና በረንዳው ላይ ቁጭ አለ። እኔም ምን እንደምነግረው አጣሁ፤ ለሕፃኗ ትኩሳት ሐኪም ቤት እሮጣለሁ፣ ለእስስት ወዴት ይኬዳል?

መላውን ያመጣችው እስከዚያ ድረስ ሣጥኑን በሩቁ እያማተበች የምታልፈው የቤት ሠራተኛችን ናት። ያደገችው መንዝ ነው። በማግሥቱ ጠዋት፣ «እትዬ፣ እነዚህ እኮ ከሰሃን አይጠጡም። እኛ አገር ከብት ስናግድ ጠዋት ጠዋት ጤዛ ሲልሱ ነው የምናያቸው» አለችኝ። ትክክል ነበረች። እስስት የቆመ ውሃን እንደ ውሃ አታየውም፤ የምትጠጣው ከቅጠል ላይ የሚንጠባጠበውንና የሚያብለጨልጨውን ነው። ልጅቷ አንድ ባዶ የቲማቲም ጣሳ በቀጭን ምስማር ቀዳችና ውሃ ሞልታ ከሣጥኑ አናት ላይ አስቀመጠችው፤ ውሃውም ጠብ፣ ጠብ እያለ በወይራው ቅጠል ላይ ይወርድ ጀመር። እስስቷ ብዙ ቆይታ አንገቷን አሰገገች። ከዚያም መላስ ጀመረች። ከሃያ ደቂቃ በላይ ጠጣች። እኔ በዚያን ቀን ሥራ ዘግይቼ ገባሁ።

እናንተም ብትገጥማችሁ ኩሷን ተመልከቱ፤ ነጭ ሆኖ የሚታየው ክፍል ወደ ብጫ ወይም ወደ ብርቱካን መልክ ከሄደ ውሃ ጠምቷታል ማለት ነው። ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ቅጠሉን ማርጠብ ይበቃል፤ በመካከሉ ግን ሣጥኑ መድረቅ አለበት።

ምግቧ በሕይወት ያለ፣ የሚንቀሳቀስ ነፍሳት ነው። በጥቅምትና በኅዳር ፌንጣ አይጠፋምና ልጄ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ከሜዳ እየያዘ ያመጣል፤ በቀን አራት ወይም አምስት ይበቃታል። የነፍሳቱ ትልቅነት በሁለቱ ዐይኖቿ መካከል ካለው ስፋት ባይበልጥ ደግ ነው። ሁልጊዜ ዝንብ ብቻ ማብላት አይበቃም። ከሁሉ በላይ ግን ፍሊት የተረጨበት ቤት የተገኘ ዝንብ ወይም በረሮ አይሰጣት፤ ለነፍሳቱ የተረጨው መርዝ ወደ እርሷ ይተላለፋልና። በዚህ ምክንያት እስስቷ በነበረችባቸው ሳምንታት በቤታችን ፍሊት አልተረጨም። ዝንቡን በሰፌድ እየመታን ከረምን፤ ለሕፃኗም ሳይሻል አልቀረም። ምላሷን ስትወረውር ያላየ ሰው ግን ምን ብዬ ላስረዳው? ምላሷ ከአካሏ ርዝመት ይበልጣል፤ ፌንጣው ነበረ፣ ከዚያ የለም። አባትየው ከሥራ ሲገባ ሬዲዮ መክፈቱን ትቶ መጀመሪያ ወደ በረንዳው መሄድ የጀመረው ይህን ለማየት ነው።

አንድ የማውቀው የእንስሳት ሐኪም ዕለታዊ ሥራው ከብትና ውሻ ቢሆንም ስለ ፀሐይ ያስረዳኝ ነገር ጠቅሞኛል። ሕፃናትን ጠዋት ፀሐይ እንደምናሞቃቸው ሁሉ እስስትም አጥንቷ እንዳይለሰልስ የፀሐይ ጨረር ያስፈልጋታል፤ ጨረሩም በቆዳዋ ውስጥ ቫይታሚን ዲ እንዲሠራ ያደርጋል። በመስኮት መስተዋት በኩል የሚገባው ፀሐይ ይሞቃል እንጂ ይህን ጥቅም አይሰጥም፤ መስተዋቱ ያን ጨረር ያስቀረዋል። ስለዚህ ሣጥኑ ውጪ መሆን አለበት፤ ግማሹ ግን ዘወትር ጥላ ይሁን፤ መሸሸጊያ ካጣች ሙቀቱ ራሱ ይገድላታል። ስለ ብርዱ ግን ብዙ አትጨነቁ። አብዛኛው የአዲስ አበባ ክፍል ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ የደጋችን እስስትም ለዚህ ብርድ የተፈጠረች ናት። ጀርመናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል በ1845 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ ያስተዋወቃት የኢትዮጵያ ደጋ እስስት አገሯ ይኸው የእኛው ጥድና ቁጥቋጦ ነው። በባሌ ተራሮች ደግሞ በሌላ አገር ፈጽሞ የማይገኙ እስስቶች አሉ። ይህን ለልጄ ስነግረው «ታዲያ ለምን በድንጋይ ይመቷቸዋል?» አለኝ።

በአምስተኛው ሳምንት ሕፃኗ መዳህ ጀመረች። የመጀመሪያ ጉዞዋም ወደ በረንዳው ሆነ።

ቃል ቃል ነውና ልጄን አስቀምጬ አነጋገርሁት። እስስት የዱር ፍጥረት መሆኗን፣ አብዛኞቹ የእስስት ዝርያዎች ከ1977 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት ቁጥጥር ሥር እንደ ገቡ፣ አገራችንም በ1989 እ.ኤ.አ. የስምምነቱ አባል እንደ ሆነች ነገርሁት። ይህ ሁሉ ለእሱ ምንም አልነበረም። «ይወግሯታል» አለ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። እውነቱን ነው፤ ለዚህ መልስ ሳይገኝለት ልጁን «ልቀቃት» ማለት አይቻልም። ወደ ሩቅ አገር ወስዶ መጣልም አይገባም፤ የለመደችው አየርና ምግብ እዚሁ ነው።

መልሱን ያገኘነው ከሠፈራችን ቤተ ክርስቲያን ነው። ቅጥሩ በአሮጌ ጥድና በወይራ የተሸፈነ ነው፤ በዚያ ድንጋይ የሚያነሣ ልጅም የለም። ዘበኛውን አነጋገርናቸው። መጀመሪያ አማተቡ፤ ቀጥለውም፣ «አምጧት፤ እኛ ዘንድ ብዙ አሉ፤ ማን ይነካቸዋል? ዝንቡን ይለቅሙልናል» አሉን።

እሑድ ዕለት ከቅዳሴ በኋላ፣ ፀሐይ ሞቅ ሲል ከአራት ሰዓት በኋላ ወሰድናት። ጠዋት በብርዱ ብትለቀቅ አካሏ ስለሚደነዝዝ ወፍ ይለቅማታል። ልጄ ከላይ ጨምድዶ አልያዛትም፤ እንደ ለመደው እጁን ከፊቷ አድርጎ ራሷ እንድትወጣበት ጠበቀ። ከእጁ ወደ ወይራው ስትሻገር አራት እርምጃ ሄዳ ቆመች፤ ወዲያና ወዲህ ተወዛወዘች፤ አንድ ዐይኗ እኛን፣ ሌላው ቅርንጫፉን ያያል። ልጁ አላለቀሰም። የቤት ሠራተኛችን ግን ነጠላዋን ወደ ዐይኗ ስትወስድ አይቻለሁ።

ሣጥኑን ጎረቤታችን እማማ ለጫጩቶች ማሳደጊያ ወሰዱት፤ ውስጡን ግን መጀመሪያ በፈላ ውሃና በበረኪና አሳጥበውናል። የተበሳው ጣሳ እዚያው በረንዳ ላይ ነው። አሁን የበሶብላ ችግኝ ይጠጣበታል።