የላላ መሪ የማን ዕዳ ነው?

ቅዳሜ የዲመካ ገበያ ነው። ማር፣ ቅቤ፣ ማሽላና ፍየል ይዞ ሐመሩ ከየመንደሩ ይመጣል፤ ብዙው በእግሩ፣ የቀናው ደግሞ በፒካፕ ጀርባ። ከተሳፋሪው መካከል «መሪው እንዴት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ቢጠይቅም መልሱ ያለው ሾፌሩ ጋ ብቻ ነው።

ሾፌሩ በደንብ ያውቀዋል። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ እንኳ እጁ አያርፍም፤ ግራ ቀኝ እያለ መኪናዋን ሲያባብል ይውላል። በብዙ የቶዮታ የጥገና መመሪያዎች መሪው ጎማውን ሳያንቀሳቅስ ባዶውን የሚሄደው ከ30 ሚሊ ሜትር ገደማ ማለፍ የለበትም፤ ሁለት ጣት ያህል ማለት ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የምትሮጥ መኪና በሰከንድ ወደ 17 ሜትር ትጓዛለች። ፍየል ዘላ መንገድ ብትገባ፣ ባዶ መሪ በማዞር የባከነ ግማሽ ሰከንድ ከ8 ሜትር በላይ ነው።

ጋራዥ ሲገባ የመጀመሪያዋ ፈተና አንዲት ብሎን ናት። በአሮጌ ፒካፖች የመሪ ሳጥን አናት ላይ ያለችው ማስተካከያ ብሎን ጠበቅ ስትደረግ መላላቱ ይቀንሳል፤ ሾፌሩም ትንሽ ከፍሎ ደስ ብሎት ይወጣል። ነገር ግን መኪና አብዛኛውን ዕድሜዋን የምትሄደው ቀጥ ብላ ስለሆነ፣ የሳጥኑ ጥርስ ይበልጥ የሚበላው መሐሉ ላይ ነው። ለመሐሉ ተብሎ ከልክ በላይ የጠበቀ ሳጥን ኩርባ ላይ ይይዛል፤ የታጠፈው መሪም በራሱ አልመለስ ይላል። ልል የነበረው መሪ ግትር ሆነ እንጂ አልዳነም።

ጥሩ መካኒክ ያችን ብሎን የሚነካት መጨረሻ ላይ ነው። አስቀድሞ አንድ ሰው መሪውን ግራና ቀኝ እንዲያወዛውዝ ያደርግና እሱ ከሥር ይገባል። እጁን በየመጋጠሚያው እያሳረፈ የቱ ቴስቲኒ እንደተበላ ይለያል፤ ሳጥኑን ከሻንሲው ጋር የያዙት ብሎኖች መላላታቸውን፣ ሻንሲውም እዚያው ቦታ መሰንጠቅ አለመሰንጠቁን ያያል። ከዚያ በክሪክ አንስቶ ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ ይነቀንቀዋል፤ የላላ ኩሽኔታ እዚህ ይታወቃል። ቴስቲኒ ሲቀይር አሮጌው ስንት ዙር ዞሮ እንደወጣ ቆጥሮ አዲሱን በዚያው ልክ ያስገባል። ዳዶው እንዳይፈታ የምትሰካውንም ኮፒሊያ በአዲስ ይተካል፤ የተጣመመችውን አቃንቶ መልሶ መሰካት ሳንቲም አድኖ ሰው መጣል ነው። በመጨረሻም የጎማው አላይመንት ይለካል።

ይህ ሁሉ የታወቀ ሥራ ነው። ታዲያ ለምን ይዘለላል? አንዱ ምክንያት ኪስ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ከውጭ ማስገባትን እጅግ ስላስወደደ፣ አገር ውስጥ ያለችው አሮጌ መኪና ጡረታ የላትም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ መወሰን ሲጀምር ደግሞ የመለዋወጫው ዋጋ ናረ።

ሁለተኛው ምክንያት ግን ሥልጣን ነው። ሾፌሩ ለባለንብረቱ ደወለ እንበል። «ጋሼ፣ መሪው ላልቷል፤ ቴስቲኒው መቀየር አለበት።» «አንተ ደግሞ! ይህችን ወር ሥራበትና እናያለን።» እምቢ ቢል ቁልፉን የሚረከብ ሌላ ሰው አይጠፋም። ስለዚህ ይነዳል። አደጋ ሲደርስ መጀመሪያ የሚጠየቀውም መሪውን የጨበጠው እሱ ነው።

ባለንብረቶች ግን አንድ ነገር ቢያውቁ ይበጃል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 መሠረት መኪና ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው፤ ያሽከረከረው ሌላ ሰው ቢሆንም። «እኔ እዚያ አልነበርኩም» የሚል መልስ ከካሣ አያድንም። የዛሬው የቴስቲኒ ዋጋ ከነገው የደም ካሣ ጋር ሲተያይ ምንም ነው።

የዓመቱን ምርመራ አልፎ ቦሎ መለጠፍም ዋስትና አይሆንም። ምርመራው የዚያን ቀን መኪና ያያል፤ ኮረኮንቹና አሸዋማው የወንዝ መሻገሪያ ግን ዓመቱን ሙሉ ሥራቸውን ይሠራሉ።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። መካኒኩ ያገኘውን ጉድለት ከነቀኑ ጽፎ ይፈርም፤ አንዱ ለባለንብረቱ፣ አንዱ ለሾፌሩ ይሁን። ሾፌሩ ያችን ወረቀት ይዞ «ሳይሠራ ሰው አልጭንም» ቢል ደግሞ ከሥራው አይባረር። በዲመካ ገበያ ፍየሏን ሸጦ ወደ ልጆቹ የሚመለሰው ሰው ከመኪናው ሥር ገብቶ ማየት አይችልም። ያየው ሰው ዝም እንዳይል ማድረግ ግን ይቻላል።