የሚጥል በሽታና «ዘር» የተባለው ቃል

አማርኛ ይህን ሕመም የሰየመው በዓይን በሚታየው ነገር ነው፤ ሰውን ይጥላልና «የሚጥል በሽታ» አለው። ጀርመኖችም በጥንቱ አጠራራቸው ከዚህ አልራቁም፤ የመውደቅ በሽታ ይሉት ነበር። ስሙ ስለ መነሻው አንዳች አይናገርም። መነሻውን እንናገራለን የሚሉት ሌሎች ቃላት ናቸው፤ ልክፍት፣ ቡዳ፣ ዛር፣ እርግማን፣ ከዚያም «ዘር»። የፊተኞቹን አራቱን የተማረ ሰው ፈገግ ብሎ ያልፋቸዋል። አምስተኛውን ግን ሐኪሙም፣ አስተርጓሚውም፣ ጋዜጣውም ዛሬም ይገለገሉበታል፤ የሳይንስ ቃል መስሏቸው።

ለዚህ ምክንያት አለው። በእንግሊዝኛ «ጄኔቲክ» የሚባለውን ቃል ወደ አማርኛ ለማምጣት ብዙ ተሞክሯል። «በራሂ» የሚለው በመዝገበ ቃላት ተመዝግቦ ይገኛል፤ ከዚያ ወጥቶ ሰው አፍ የገባ ግን አይመስልም። «ዘረ መል» ይሻላል፤ ትምህርት ቤት የዋለ ሁሉ ሰምቶታል። ይሁን እንጂ «ዘረ መል» ሲባል ጆሮ ይዞ የሚያስቀረው የፊተኛውን ግማሽ ነው። «ዘር» ደግሞ በአማርኛ የላቦራቶሪ ቃል አይደለም። አጥንት የሚቆጠርበት፣ ሰባት ቤት የሚጠየቅበት፣ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት «በዘራቸው ምን አለባቸው?» እየተባለ በጓዳ የሚንሾካሾኩበት ቃል ነው።

ናይሮቢ የሚኖሩ አንድ ባልና ሚስት የዚህን ቃል ክብደት ቀምሰዋል። ወንድ ልጃቸው የሰባት ወር ሕፃን ሳለ ትኩሳት ይዞት አንቀጠቀጠው፤ ግማሽ ሰዓት ያህልም አልለቀቀው። ከዚያ በኋላ እየተመላለሰ ይጥለው ጀመር። ሁለት ዓመት ሲያልፈው አፉን ለመፍታት ዘገየ፣ እግሩም አልጸና አለ። ሐኪሙ ሁሉንም አይቶ ነገሩ «ጄኔቲክ» ሳይሆን አይቀርም አለ። የእናትየዋ እንግሊዝኛ ለገበያ እንጂ ለሐኪም የሚበቃ ስላልነበረ አብሯት የሄደ ዘመድ ተረጎመላት፦ «በዘር የመጣ ነው ይላል።»

ቃሉ በዚያው ማታ በስልክ ደሴ ደረሰ። የባልየው እናት «ልጄ፣ የእኛን ሰባት ቤት ቁጠር፤ እንዲህ ያለ ነገር የለብንም» አሉ። ከሚስት ወገንም ይኸው መልስ መጣ። ሁለቱም ቤት የተናገረው እውነቱን ነበር። ሆኖም በዘር መጣ ከተባለ ከአንዱ መምጣት አለበት፤ ስለዚህ ከሁለቱ አንዱ ደብቋል ማለት ሆነ። ያ ጥርጣሬ በዚያ ቤት ከልጁ ሕመም ጎን ለጎን ለወራት ኖረ። በኋላ የሦስቱም ደም ወደ ውጭ አገር ተልኮ ሲመረመር በልጁ ዘረ መል ላይ የተገኘው ስሕተት በአባቱም በእናቱም ላይ አልተገኘም።

«ታዲያ ከየት መጣ?» አሉ አማትየዋ። ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ሐኪሞቹም ብዙ ዓመት ጠይቀውታል። ይህን መሰሉን ሕመም ለይተው የጻፉት ሻርሎት ድራቬ የተባሉ ፈረንሳዊት ሐኪም ሲሆኑ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1978 ነው፤ ዛሬም በስማቸው ይጠራል። ጤነኛ ሆኖ የተወለደ ሕፃን አንድ ዓመት ሳይሞላው፣ ብዙ ጊዜ በትኩሳት ሰበብ፣ ረጅም መንቀጥቀጥ ይጀምረዋል፤ ውሎ አድሮም እድገቱ ይጎተታል። በ2001 በቤልጂየም የአንትወርፕ ከተማ ተመራማሪዎች ይህ ሕመም ያለባቸውን ሰባት ልጆች መረመሩ። ሰባቱም ኤስ ሲ ኤን ዋን ኤ በተባለው ዘረ መል ላይ ስሕተት ተገኘባቸው፤ ስሕተቱም በወላጆቻቸው ላይ ያልነበረ፣ በእነርሱ የጀመረ ነበር።

እንዴት ሊሆን ቻለ ለሚል ሰው ቁም ጸሐፊን ማሰብ ይበቃዋል። ትልቅ የብራና መጽሐፍ የሚገለብጥ ጸሐፊ የቱንም ያህል ጠንቃቃ ቢሆን አንድ ፊደል ሊዘል፣ አንዱን በሌላው ሊተካ ይችላል። ጥፋቱ ከተገለበጠበት መጽሐፍ ላይ የለም፤ አዲሱ ቅጂ ላይ ብቻ ነው። አባትም እናትም ለልጃቸው የሚያቀብሉት ቅጂ እያንዳንዱ ሦስት ቢሊዮን ያህል ፊደል አለው። ማንኛውም ሰው በወላጆቹ ላይ ያልነበሩ፣ በአሥሮች የሚቆጠሩ አዳዲስ ለውጦች ይዞ ይወለዳል። አብዛኞቹ ምንም በማይሉበት ቦታ ያርፋሉ። አልፎ አልፎ ግን አንዱ ክፉ ቦታ ላይ ይወድቃል።

የዚህ ዘረ መል ሥራ በነርቭ ሕዋስ ገጽ ላይ ሶዲየም የሚገባበትን በር መሥራት ነው። አንጎል የሚያነሣሡ ሕዋሳትም አሉት፣ የሚገቱም አሉት። ይህ በር በይበልጥ የሚያስፈልገው ለሚገቱት ነው። በሩ ሲጎድል ልጓሙ ይላላል፤ የሚያነሣሡት ያለ ከልካይ ይጋልባሉ፤ ልጁም ይወድቃል።

ከዚህ ግኝት በኋላ የመጣ አንድ ሥራ አለ፤ ስለ ጥፋተኛ ፍለጋ ከዚህ የበለጠ የሚያስተምር ያለ አይመስልም። በብዙ አገር የትክትክ ክትባት ሕፃናትን አንጎላቸውን ይጎዳል የሚል ክስ ለረጅም ጊዜ ይሰማ ነበር። ክትባቱን ባስከተበች ማግስት ልጇ የተንቀጠቀጠባት እናት ዕድሜ ልኳን ራሷን ትወቅሳለች። በ2006 በአውስትራሊያ ሳሙኤል ቤርኮቪች የመሩት ቡድን ክትባት ጎዳቸው የተባሉ 14 ሰዎችን መረመረ። በ11ዱ ላይ ይኸው የዘረ መል ስሕተት ተገኘ። ክትባቱ የሚያስከትለው ትኩሳት የመጀመሪያውን መንቀጥቀጥ ቀኑን ሊያቀርበው ይችላል፤ ሕመሙ ግን ከመርፌው በፊት በሕፃኑ ውስጥ ነበር።

ይህ ማለት ግን «ዘር» የሚለው ቃል ሁልጊዜ ሐሰት ነው ማለት አይደለም። ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፍ የሚጥል በሽታ አለ፤ የመጀመሪያው የሚጥል በሽታ ዘረ መል በ1995 የተገኘውም በአንድ ሰፊ ቤተሰብ ውስጥ ነው። የአንጎል አፈጣጠር ሕመሞችም አሉ። ፅንስ ገና በማሕፀን ሳለ የነርቭ ሕዋሳት ከአንጎል ውስጠኛ ክፍል ተነሥተው ወደ ላይኛው ቅርፊት ይጓዛሉ። በ1998 ደብልኮርቲን የተባለ ዘረ መል ተገኘ፤ እርሱ ሲበላሽ ተጓዦቹ መንገድ ላይ ይቀራሉ። ዘረ መሉ ያለው ሴት ሁለት፣ ወንድ አንድ ብቻ በሚይዘው ኤክስ ክሮሞዞም ላይ ነውና ሴቲቱ በአንደኛው ቅጂ ትደገፋለች፤ ወንዱ ግን መጠባበቂያ ስለሌለው አንጎሉ እጥፋት አልባ፣ ልሙጥ ሆኖ ይወለዳል። እንዲህ ባለው ጊዜ ስሕተቱ ከእናት መተላለፉ ይቻላል። ቢተላለፍስ? የቅጂ ስሕተት በማን ገጽ ላይ እንደሚገኝ ማንም አልመረጠም።

በወላጆች ደም ያልተገኘው ሁሉ ተመልሶ አይመጣም ማለትም አይቻልም። አንዳንድ ጊዜ ስሕተቱ በአባት ወይም በእናት ጥቂት ሕዋሳት ውስጥ ብቻ ተሸሽጎ ስለሚኖር ሁለተኛ ልጅ ለሚያስቡ ሰዎች ዕድሉ አነስተኛ ነው እንጂ ፈጽሞ የለም አይባልም።

ቃሉ የት ሊያደርስ እንደሚችል ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም። የሥጋ ደዌ በአገራችን ሲወርድ ሲዋረድ የዘር ነው ተብሎ ስንት ቤት ተገለለ! በሽታውን የሚያመጣውን ባክቴሪያ ግን ኖርዌያዊው አርማወር ሐንሰን በ1873 አይቶት ነበር። የሠለጠነው ዓለምም ከዚህ አልዳነም፤ የናዚ ጀርመን መንግሥት በሐምሌ 1933 ባወጣው ሕግ «በዘር የሚወረስ የሚጥል በሽታ» አለባቸው የተባሉ ሰዎች በግዴታ እንዲመክኑ ፈቅዷል።

በአገራችን ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት ዞረው ያደረጉት ጥናት በ1990 ታትሟል። ከ60,820 ሰዎች መካከል 316ቱ የሚጥል በሽታ ነበረባቸው፤ ከሺህ ሰው አምስት መሆኑ ነው። ሁሉም የዘረ መል ጉዳይ እንዳይመስል! ምጥ ሲጠና የሚታፈን ሕፃን፣ ማጅራት ገትር፣ አንጎል የደረሰ ወባ፣ በራስ ላይ የደረሰ አደጋ፣ እነዚህም አሉበት። አረፋው ይጋባል ተብሎ እየተፈራ እሳት ላይ የወደቀውን የሚያነሣው መጥፋቱ ደግሞ ከሕመሙ የባሰ ነው።

መነሻውን ማወቅ ለወሬ አይደለም። ካርባማዜፒንና ፌኒቶይን በአካባቢያችን ፋርማሲዎች የታወቁ፣ ብዙዎችን ያቆሙ መድኃኒቶች ናቸው። የሚሠሩት ያንኑ የሶዲየም በር በማጥበብ ነው። በሩ አስቀድሞ የጎደለበት የድራቬ ሕመምተኛ ሲወስዳቸው ግን መንቀጥቀጡ ይብስበታል። መድኃኒትን በድንገት ማቋረጥም ራሱን የቻለ አደጋ ስለሆነ ለውጡ የሐኪም ሥራ ነው፤ ለሐኪሙ ፍንጩን መስጠት ግን የቤተሰብ ድርሻ ነው።

የደም ምርመራው ውድ ነው፤ በየከተማውም አይገኝም። በጥንቃቄ የተነገረ ታሪክ ግን ሐኪሙን ብዙ መንገድ ያስኬደዋል። በስንት ወሩ ጀመረው? ትኩሳት ነበረው? ስንት ደቂቃ ቆየ? የተንቀጠቀጠው መላ ሰውነቱ ነው ወይስ አንዱ ጎኑ ብቻ፤ በሌላ ቀንስ ጎኑ ተለወጠ? በሙቅ ውኃ ሲታጠብ ተነሥቶበት ያውቃል? ይህን የመጨረሻውን አባት ላያውቀው ይችላል፤ ልጁን የሚያጥበው ሰው ነው የሚያውቀው። ሞግዚትም ብትሆን ሐኪም ዘንድ አብራ መሄድ አለባት።