መሃል ላይ የማይቋረጥ ሥራ

በአንዲት ትንሽ ቺፕ ውስጥ «አንድ ጨምር» ማለት ሦስት ሥራ ነው። ፕሮሰሰሩ ቁጥሩን ያነሳል፣ ይደምራል፣ መልሶ ያስቀምጣል። በመካከሉ ሌላ ሥራ ገብቶ ያንኑ ቁጥር ከቀየረው፣ የአንዳቸው ውጤት ድምፅ ሳያሰማ ይጠፋል። ወይ ሙሉ በሙሉ የሚፈጸም፣ ወይ ጨርሶ የማይጀመር ሥራ በሙያው ቋንቋ «አቶሚክ» ይባላል።

ትልልቅ ፕሮሰሰሮች ለዚህ የተዘጋጀ ትእዛዝ አላቸው። እንደ ኮርቴክስ-ኤም0 ያሉት ርካሾቹ የላቸውም። በቀድሞው አርዱይኖ ኡኖ ላይ ያለው ባለ 8 ቢት ቺፕ ደግሞ ባለ 16 ቢት ቁጥርን የሚያነበው ከሁለት ከፍሎ ነው። ቆጣሪው 255 ሳለ የታችኛው ግማሽ ተነበበ እንበል። በዚያች ቅጽበት ቆጣሪው 256 ሆነ። የላይኛው ግማሽ ሲነበብ የሚገኘው ቁጥር 511 ነው። ይህን ቁጥር ማንም አልጻፈውም።

ታዲያ ምን ይደረጋል? ቺፑ የሌለውን ነገር ሶፍትዌሩ ያስመስላል። ኢንተራፕት የሚባለው የማቋረጫ ጥሪ ለአፍታ ይዘጋል፣ ሥራው ያልቃል፣ ጥሪው ወደነበረበት ይመለሳል። በር ዘግቶ ገንዘብ እንደ መቁጠር ማለት ነው።

ዘዴው ይሠራል፤ ግን የቆመው በአንድ ግምት ላይ ነው፦ ቤት ውስጥ ያለው ሰው አንድ ብቻ ነው በሚል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው አርፒ2040 ሁለት ኮር አለው። የአንዱን በር መዝጋት ሌላውን አያስቆመውም። ሠሪዎቹ 32 የሃርድዌር መቆለፊያዎች የጨመሩበት ለዚህ ዓይነቱ ችግር ነው። አሮጌው ኮድ ግን ይህን ሳያውቅ እዚያ ላይ ሊጫን፣ ሊሠራ፣ ፈተናም ሊያልፍ ይችላል።

ፈተና ማለፍ ምን ያህል እንደሚያታልል ቴራክ-25 የተባለው የጨረር ሕክምና መሣሪያ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1987 በአሜሪካና በካናዳ ስድስት ሕሙማን ከመጠን ያለፈ ጨረር ደረሰባቸው፤ የሞቱም አሉ። ናንሲ ሌቭሰንና ክላርክ ተርነር በ1993 ባወጡት ጥናት ከጠቀሷቸው ጉድለቶች አንዱ ይኸው ነበር፦ ፕሮግራሞቹ የሚጋሩትን ቁጥር «ማየት» እና «መቀየር» በመካከላቸው ሌላ ሥራ ሊገባ የሚችል ሁለት እርምጃ ነበሩ። ከዚያ በፊት የነበረው ቴራክ-20 ተመሳሳይ የሶፍትዌር ስህተት ነበረበት። ሰው ያልጎዳው ራሱን የቻለ የሃርድዌር መከላከያ ስለነበረው ነው። በአዲሱ ላይ መከላከያው ተነሣና አደራው ለሶፍትዌሩ ተሰጠ።

ርካሽ ቺፕ መግዛት ነውር አይደለም፤ የጎደለውን በሶፍትዌር ማስመሰልም እንዲሁ። አደጋው ማስመሰሉ የቆመበትን ግምት ሳይጽፉ ማለፍ ነው። ኮዱን የጻፈው መሐንዲስ መሥሪያ ቤት ይቀይራል፣ ግዢ ክፍል ቺፕ ይቀይራል፣ ግምቱ ግን ማንም ሳያየው ኮዱ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ቺፑ ሲቀየር ዋጋው ከመጠየቁ በፊት «ይህን ቁጥር ስንት እጅ ይነካዋል?» መባል አለበት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና።